ከዝርዝሩ ያልወጡት እናት

ልጄ ኮምፒውተር ትማራለች። ለምኩራባችን ሽማግሌዎች አንድ ፕሮግራም ሠርታ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከቀትር በኋላ ለእያንዳንዳቸው፣ በስማቸው፣ «እንኳን ለሰንበት አደረሰዎ» የሚል መልእክት ይልካል። ሲመርቋት እሰማና አምላኬን አመሰግናለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ተከታትለው አረፉ። ልጄ ያረፉትን ከዝርዝሩ እንዲያወጣ ፕሮግራሙን አዘዘችው። ባልየው ወጡ፤ ሚስትየው ቀሩ። ዓርብ ሲደርስ መልእክቱ ለእሳቸውም ሄደ።

ስልካቸውን የያዘችው ሴት ልጃቸው ናት፤ ፋብሪካ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ። ደወለችልኝ። «ለእናቴ መልእክት መጣላት» አለች፤ ከዚያ መናገር አቃታትና ስልኩን ዘጋችው።

ልጄ ሰምታ ደነገጠች። ወዲያው ኮምፒውተሯን ከፈተች።

«ኢማ» አለችኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ዝርዝሩን በተራ እያየ እያለ እንዲያወጣ አደረግኩት። ባልየው ሲወጡ ከእሳቸው ቀጥሎ የነበሩት ሚስትየው በእሳቸው ቦታ ገቡ። ፕሮግራሙን የጻፍኩበት ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ግን ያንን ቦታ አይቶ ጨርሷል፤ ወደሚቀጥለው አለፈ። ሳያያቸው ቀረ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የዝርዝሩን ቅጂ እያየ ከዋናው ዝርዝር ላይ ያውጣ።»

አስተካከለችው። ግን አልበቃትም። «ጭራሽ አጠፋዋለሁ። ሐዘንተኛ አስለቀስኩ። ደውዬ ይቅርታ ልበላት?»

«ተነሽ፣ እንሂድ» አልኳት። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሐዘንተኛን ያስከፋም ሐዘንተኛው ቤት ድረስ ይሄዳል።

እዚህ ሰንበት ሲገባ አውቶቡስ ሥራ ያቆማል፤ ሳያቆም ጓደኛዬ የምትኖርበት ሰፈር፣ ካርሜ ጋት፣ ደረስን። ጓደኛዬ በሩን ስትከፍት ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ልጄ አጎንብሳ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻት።

«ግቡ እንጂ! በር ላይ ቆማችሁ ጎረቤት እንዲያማኝ ነው?»

ተቀመጥን። ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገች።

«እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር» አለች። «ዓርብ ዓርብ እኔ ነበርኩ የማነብላት። ዛሬም ስልኩ ሲጮህ ሳላስበው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ቀና ብል ወንበሯ ባዶ ነው።»

«አስተካክዬዋለሁ» አለች ልጄ። «ከእንግዲህ አይመጣም።»

«ማን አስተካክይ አለሽ? እስከ ተዝካሯ ተዪልኝ። ማንበቡን ለምጄዋለሁ።»

ልጄ አየችኝ፤ እኔ በእሺታ አንገቴን ነቀነቅኩ። ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ እዚያው አንድ መስመር ጨመረች፦ ያረፉት ሁሉ ይውጡ፣ እኚህ እናት ይቆዩ።

ፕሮግራሙን አላጠፋችውም። በሚቀጥለው ዓርብ ጓደኛዬ ድምጿን ቀድታ ላከችልን። «እማማ፣ እንኳን ለሰንበት አደረሰዎ» እያለች ታነባለች፤ ድምጿ አልተቆረጠም። አምላክ ይመስገን።