ለሰልፍ የተወሰደችው መኪና

ያቺን መኪና ያገኘኋት በሥራ ስንብት ፋንታ ነው። ቃሊቲ ውስጥ የጭነት መኪና ጋራዥ የነበራቸው አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ባቲላሜራ ሆኜ የተጨረማመተ ቆርቆሮ ሳቃና ኖሬያለሁ። አብዮቱ መጣና ጋራዡ ተወረሰ። ሽማግሌው አገራቸው ሊገቡ ሻንጣቸውን ከሸከፉ በኋላ አስጠሩኝ፤ የሚከፍሉኝ አልነበራቸውም። ወደ ጓሮ ወሰዱኝና አንድ አሮጌ ሸራ ገለጡ።

ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት እምብዛም የማትርቅ፣ በጉብዝናቸው ወራት ይሽቀዳደሙባት የነበረች መኪና ናት። ወለሉን ዝገት በልቶታል። ሞተሩ ነክሶ አይዞርም። የአንዱ በር መስታወት የለም። ሊብሬውን በስሜ አዙረውልኝ ነበር።

«አሁን አትሽጣት፤ ታክሲ አድርገህም አታድክማት» አሉኝ። «አድሳትና አስቀምጣት። ከዚህ ዓይነት የቀሩት ጥቂት ናቸው። በእኛ አገር እንዲህ ያለችውን እየፈለጉ የሚሰበስቡ ሀብታሞች አሉ። ባረጀች ቁጥር ዋጋዋ ይጨምራል።»

በጭነት መኪና አስጎትቼ ግቢያችን ሳስገባት ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞረቻት። እሷ አቃቂ ክር ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት ለፍተህ የዶሮ ቤት ይዘህ መጣህ?» አለችኝ።

የሽማግሌውን ቃል ነገርኳት። ያላመነች መሆኗ ያስታውቅ ነበር። እኔ አመንኩ። ምን ላድርግ? በዚያ ዘመን ሰው ትርፍ ቤት ቢኖረው ይወረሳል፤ ከብት ቢያረባ ዓይን ይበዛበታል። አሮጌ ቆርቆሮ ግን ማን ይመኛል ብዬ ነው። ልጆቻችን ለትምህርት ሲደርሱ፣ ጊዜው ሲረጋጋ፣ ለሚሰበስቡት ሰዎች እሸጣታለሁ አልኩ።

አራት ዓመት ፈጀችብኝ። ወለሉን ከበርሜል ቆርቆሮ ቆርጬ በየድኩት። የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎዎቿን በመዶሻ እየዳበስኩ ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው መለስኳቸው። ለሞተሩ የሚሆን ዕቃ ከመርካቶ እየለቀምኩ፣ ያጣሁትን እያስቀረጽኩ ገጣጠምኩት። ባለቤቴ ሳትወድ ገባችበት፤ የወንበሮቹን ቆዳ በእጇ የሰፋችው እሷ ናት። ደማቅ ቀይ ቀለም ቀባኋት። በአንድ የእሑድ ጠዋት ሁለታችን ተቀምጠን እስከ ሳሪስ አቦ ሄድንባት። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ቆመው አዩን። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፤ ስንመለስ ግን «ወንበሩ ትንሽ ይጎረብጣል፤ እንደገና እሰፋዋለሁ» አለች። ያኔ እሷም እንዳመነች ገባኝ።

ለአብዮት በዓል ጥቂት ቀን ሲቀረው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ መጣ።

«ለሰልፉ ትፈለጋለች» አለኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለምን? ሰው አትጭን፣ ዕቃ አትጭን።»

«የቡርዧ ኑሮ ማሳያ ትሆናለች።»

«እኔ ነኝ ቡርዧ? እስቲ ይህን እጅ ይዩት» ብዬ መዳፌን ዘረጋሁለት። ጠባሳ በጠባሳ ላይ ነው። አላየውም።

«ለአንድ ቀን ነው። ወይስ በአብዮቱ ላይ ጥያቄ አለህ?»

በዚያ ዘመን ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ቁልፉን ሰጠሁት። ደረሰኝ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

በሰልፉ ቀን እንደማንኛውም የቀበሌ ነዋሪ ስም ተጠርቼ ወጣሁ። ገጣጥሜ የሠራሁት ሞተር አልነሳ ብሏቸው መኪናዬ በትራክተር እየተጎተተች መጣች። መሪው ላይ ኮፍያ ያደረገ የጭድ ሰው ተቀምጧል። በሮቿ ላይ በወፍራም ቡሩሽ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» ተብሎ በነጭ ዘይት ቀለም ተጽፏል። ቀለሙ ወርዶ የወንበሩን ቆዳ ነክቶታል። ከዚያ የጭድ ሰውዬውን በድንጋይ ውገሩ ተባለ። ሰው ወገረ። ድንጋዩ ግን ጭዱን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቆርቆሮው ላይ ያርፋል። የመዶሻ ድምፅ የማውቅ ሰው ነኝ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ የት እንዳረፈ ሳላይ አውቀው ነበር።

ከጎኔ የቆመው የሰፈራችን ባለሱቅ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «ወንድሜ፣ ጩኽ፤ እያዩህ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ግራ እጄን አንስቼ «ይውደም!» ብዬ ጮህኩ። በገዛ ንብረቴ ላይ፣ በገዛ አፌ! ዛሬም ሳስበው የሚያሳፍረኝ ያ ጩኸት ነው።

አንድ ቀን የተባለው ወር አለፈው። ከዚያ እኔንና ባለቤቴን ቀበሌ ጠሩን። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ «ጽሑፉን አጥፋ፣ የጎበጠውን አቃና፣ ሞተሩንም አስነሳ» አለኝ። «የምሄድበት ጉዳይ አለኝ።»

መልስ ሳልሰጥ ባለቤቴ ቀደመችኝ።

«ጓድ፣ እሱ ሲይዛት የቡርዧ ነበረች። እርስዎ ሲነዷት የማን ልትሆን ነው?»

ጥግ ላይ የነበረችው ታይፒስት መተየቧን አቆመች። የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። «አንቺ ሴት፣ አፍሽን ያዢ!» አላት፤ ወደ እኔ ዞሮም «ትሠራለህ ወይስ አትሠራም?» አለኝ።

«አልሠራም» አልኩት።

ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። እሷ ያን ከተናገረች በኋላ እሺ ብዬ ከእሷ ጋር እንዴት ቤት እገባለሁ? በቀበሌው እስር ቤት አሥራ አምስት ቀን አሳደሩኝ። ባለቤቴ ከፈረቃ ስትወጣ ምሳ ይዛልኝ እየመጣች በር ላይ ትሰደብ ነበር።

እኔ እምቢ ካልኩ በኋላ መኪናዋን የሚያስነሳላቸው ባለሙያ አላገኙም። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ሁለት ክረምት ዘነበባት። ጎማዎቿ ተወሰዱ፤ ኮፈኗ የዘበኛው መጠለያ ጣሪያ ሆነ። ሊቀመንበሩ ተዛውሮ ሌላ ሲተካ የቀረውን እንዲመልሱልኝ ማመልከቻ ጻፍኩ። «ተቆራርጣ ለብረት ተሰጥታለች» ተባልኩ። ቁራጩን እንኳ ማን እንደወሰደው የነገረኝ የለም። ልጆቼን ያስተማርኩት ቀን በመንግሥት ጋራዥ እየሠራሁ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ የሰው በርና መስኮት እየበየድኩ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ያን ሊቀመንበር ሳሪስ ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት። ሸብቷል። እሱ ነው ቀድሞ ያወቀኝ፤ እጁን ዘረጋልኝ።

«ምን ይደረግ ወንድሜ፣ ጊዜው ነው እኮ ያደረገው» አለኝ።

እጁን ጨበጥኩት። ለምን እንደጨበጥኩት አላውቅም፤ ሽበቱን አይቼ ይሆናል። ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው ደሜ የፈላው። ጊዜው ነው ወይ ድንጋይ ያስወረወረው? ጊዜው ነው ወይ በሰው ላብ ሽርሽር የተመኘው?

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«እጁን ጨበጥከው?» አለችኝ።

«አዎ።»

እስከ ማግስቱ አላነጋገረችኝም። እውነቷን ነበር።