ለጨው ያወለቅኩት ልብስ

ሁሉም የመጣው «አገር ልይ» ከሚለው አመሌ ነው። ፈቃድ ወስጄ ከነገሌ ጦር ሰፈር ሶዳ የምትባል መንደር ድረስ ሄድኩና፣ ከመንደሯ ገደል ሥር ካለው ሐይቅ ጠልቀው ጨው የሚያወጡትን ሽማግሌ ኦቦ ገልገሎን «መጥለቅ ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«ውሃው ጨርቅ ይበላል። ራቁትህን ግባ» አሉኝ።

ያ ሁሉ ሰው እያየኝ! ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩ። የደንብ ልብሴን ጭቃ እንዳይነካው እዚያ በቆመች አህያ ጀርባ ላይ አድርጌ ገባሁ። ሦስቴ ጠልቄ አንድ እፍኝ ጥቁር የጨው ጭቃ ይዤ ስወጣ አህያዋ የለችም።

«የት ሄደች?»

«ዕቃ ከተጫነባት ብቻዋን ሽቅብ ወጥታ ገበያ ትገባለች።»

«ታዲያ እያዩ ዝም አሉ?»

«ልብሱን ልትሸጠው የጫንከው መስሎኝ።»

ያንን ዳገት ራቁቴን ወጣሁት። አፋፉ ላይ የአስር አለቃ ማዕረጌ የተሰፋበትን ሸሚዝ የለበሰ ጨው ነጋዴ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች አየኝና «አካም? ናጋ?» ብሎ ደህንነቴን ጠየቀኝ።