አንድ ሺህ አርባ ስድስት ኪሎ

ኤልቤቴል መላኩ ዲላ ተወልዳ ዲላ ያደገች፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላት መሐንዲስ ናት። ግትር ናት ይሏታል፤ እሷም አትክድም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች መምህሯ የፈተናዋን ነጥብ ሲደምር ተሳስቶ ሰባ ስምንቱን ሰማንያ ሰባት ብሎ መዘገበላት። ወረቀቷን ይዛ ቢሮው ድረስ ሄዳ አስቀነሰችው። የክፍሉ ልጆች ጉድ ብለው ሳቁባት። እናቷ ወይዘሮ ሙሉነሽ ነገሩን ለጎረቤት ሁሉ አወሩት፤ በኩራት ይሁን በስጋት ግን ለይቶ ያወቀ የለም።

ስትመረቅ ጓደኞቿ አዲስ አበባና ሐዋሳ ሲበተኑ እሷ እዚያው ቀረች። ከከተማዋ አጠገብ፣ ጪጩ ላይ ትልቅ የቡና መጋዘን የሚሠራ ተቋራጭ ቀጠራት። ሥራዋ ከኮምፒውተር ጋር ነበር። መጋዘኑ መሬት ላይ ከመቆሙ በፊት ኮምፒውተሩ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ቆሟል፤ ምሰሶው፣ የጣሪያው ብረት፣ ማያያዣ ላሜራው ሳይቀር። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ብረት ርዝመትና ውፍረት ይዞ ይዘቱን ያሰላል፤ ያንን የአንድ ኪዩቢክ ሜትር ብረት ክብደት በሆነው ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሲያባዛው ክብደቱ ይወጣል። ያልነገሩትን ግን አያውቅም።

ጠቡ የተነሣው ከጣሪያው ነው። ሃያ አራት ሜትር የሚዘረጋው የጣሪያ ተሸካሚ፣ ሠራተኛው ትራስ የሚለው፣ በንድፉ መሠረት የሚሠራው ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት ከሆነ የብረት ቱቦ ነበር። በዚያ ሰሞን ባለሦስቱ ከገበያ ጠፋና ባለአራቱ ተገዛ። ለኤልቤቴል የነገራት ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ዲላ ወደሚገኘው የብየዳ ቤት ጎራ ብላ የቱቦላሬውን አፍ በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያዋ፣ ብትለካው አራት ሚሊሜትር። ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። ቢሮ ተመልሳ ሞዴሉን አስተካከለች፤ በንድፉ ያልነበሩትን ላሜራዎችና ብሎኖችም ጨመረች። ስድስት መቶ ዘጠና አምስት ኪሎ የነበረው የአንዱ ትራስ ክብደት አንድ ሺህ አርባ ስድስት ገባ። የተከራዩት ክሬን ደግሞ ክንዱን እስከዚያ ርቀት ሲዘረጋ ከዘጠኝ መቶ ኪሎ በላይ አያነሣም።

የሳይቱ ኃላፊ ኢንጂነር ሽመክት ክሬኑ የሚያነሣው ክብደት የሚረጋገጥበትን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ወረወሩት።

«ስድስት መቶ ዘጠና አምስት ብለሽ ፈርሚ። ንድፉ የጸደቀው በዚያ ነው።»

«የጸደቀውና የተበየደው አንድ አይደለም፣ ኢንጂነር።»

«ወፈረ ማለት እኮ ጠነከረ ማለት ነው። ምን ያንጫጫሻል?»

«ጠንክሯል፤ ከብዷልም።»

«ለምረቃው እንግዳ ተጠርቷል፣ ኤልቤቴል። ደግሞስ ያ ኮምፒውተርሽ ብረት ተሸክሞ ያውቃል?»

«አያውቅም። ብሎኑን ለማሰር ከሥሩ የሚቆሙት ግን በያጁ ጋሽ ይርጉ ናቸው። አልፈርምም።»

ኢንጂነር ሽመክት እስክሪብቶዋን ከእጇ ወስደው ራሳቸው ፈረሙ። «ነገ ሳይት ላይ እንዳላይሽ» አሏት።

በማግሥቱ ጠዋት ብረቱን በሚጭነው መኪና ጋቢና ተሳፍራ ነበር። ሾፌሩን ለምና መጀመሪያ መኪናው ባዶውን እንዲመዘን አደረገች። ሚዛኑ የቡና መኪኖች ከነጭነታቸው የሚመዘኑበት ነው፤ መዛኙ ኸይረዲን ይባላል።

«ቡናው የታለ?» አላት ባዶውን መኪና አይቶ።

«ዛሬ የምናመጣልህ ብረት ነው።»

«ብረትም ይመዘናል፤ ሾፌሩ ይውረድ እንጂ» አለና ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄዱ። ጋሽ ይርጉ የኮንጋ ሰው ናቸው፤ በብየዳ ሠላሳ ዓመት ቆይተዋል። አንዱን ትራስ ለሁለት ከፍለው ሲያስጭኑ ጠየቋት።

«ኮምፒውተሯ ስንት አለ?»

«ሺህ አርባ ስድስት።»

«እኔም ትከሻዬ ነግሮኛል፣ ልጄ። አራት ሰው የሚያነሣው ቱቦላሬ ስድስት ሰው ፈለገች።» ከእሷ ጋር ጋቢና ገቡ።

ኸይረዲን በዚህኛውም ሁሉንም አስወርዶ መዘነ። አሥር ሺህ አራት መቶ። ልዩነቱ አንድ ሺህ ስልሳ ኪሎ ነው። ወረቀቱ ላይ ማኅተም አሳርፎ ሰጣት።

ጪጩ ሲደርሱ ክሬኑ እግሮቹን ተክሎ ይጠብቃል። ኢንጂነር ሽመክት ከመኪናው ስትወርድ አይተው እየተንደረደሩ መጡ።

«ምን ብዬሽ ነበር? ያንን ወረቀት አምጪ!»

አልሰጠቻቸውም። በጎናቸው አልፋ ለክሬኑ ኦፕሬተር ለታዲዮስ ዘረጋችለት። ታዲዮስ አነበበው፤ መሪው አጠገብ ከተለጠፈው የክብደት ሠንጠረዥ ጋር አስተያየው። የዘረጋውን ክንድ መልሶ ሰበሰበና ሞተሩን አጠፋ።

«ይኼን በዚህ ርቀት ካነሣሁ፣ ከመሬት የሚነሣው ክሬኑ ራሱ ነው» አለ።

«ለአንድ የቡና ሚዛን ብለህ ሥራ ልታቆም?»

«ሚዛን ቡናና ብረት አይለይም፣ ኢንጂነር።»

ኤልቤቴል ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ኢንጂነር ሽመክት ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

በዘጠነኛው ቀን ከሐዋሳ ትልቅ ክሬን መጣ። ትራሶቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ጋሽ ይርጉም ከሥር ቆመው ብሎናቸውን አሰሩ። ምረቃው ተራዘመ። የኤልቤቴል ውል ግን በወሩ መጨረሻ አልታደሰም። በመሸኛ ደብዳቤዋ ላይ «ከአለቃ ጋር የመግባባት ችግር አለባት» የሚል ሰፍሯል። ለእናቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«እውነታቸውን ነው» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ፤ ከዚያ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ ሥራ አገኝልሻለሁ ብትላትም አልሄደችም። ዲላ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ ኮምፒውተሯን አስገባች። የመጀመሪያውን ደንበኛ የላኩላት ጋሽ ይርጉ ናቸው፤ አሪቻ ላይ የቡና ማጠቢያ ያለው ሰው ነው፣ ለማሽኑ የብረት ጣሪያ ያሠራል።

እዚያ በምትሄድበት ቀን ጠዋት ኢንጂነር ሽመክት ደወሉላት። ሌላ ሕንፃ ይዘዋል።

«ሞዴሉን ልኬልሻለሁ። የብረቱን ኪሎ ዛሬውኑ አውጪልኝ።»

«የተገዛውን ብረት መጥቼ ሳልለካ አላወጣም።»

«አሁንም አልተሻለሽም?»

«አልተሻለኝም፣ ኢንጂነር።»

ስልኩን ዘጉባት። ኤልቤቴል ካሊፐሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ደጅ ወደሚጠብቃት ሞተረኛ ወጣች። የአሪቻው ብረት ከመኪና ሳይወርድ መድረስ አለባት።