እናቴ ያነሳችው እጅ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ሆሳዕና መናኸሪያ

ጉሙ መናኸሪያው ውስጥ ገብቶ እንደ ተሳፋሪ ቆሟል። የመኪኖቹ መብራት ይታያል፤ መኪኖቹ አይታዩም። «አንጋጫ ዱራሜ! አንጋጫ ዱራሜ!» የሚለው የረዳቶች ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት በር ላይ ቆሜ ሻይ በአሥራ አምስት ብር፣ ቦምቦሊኖ በሃያ ብር ወሰድኩ። ቦምቦሊኖው የትናንት ነው። ሻዩ ግን ቅርንፉድ በዝቶበት ያነቃል።

የምሄደው አንድ ደብዳቤ ለማምጣት ነው። ከአስቴር ጋር ልንጋባ ነው። እሷ የምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን እዚሁ ሆሳዕና ነው፤ ሽማግሌዎቹ ጋብቻችንን በጉባኤ ፊት ከማስታወቃቸው በፊት፣ ሺንሺቾ ካለው ካደግኩበት ቤተ ክርስቲያን የመሸኛ ደብዳቤ እንዳቀርብ ጠይቀዋል። ደንብ ነው። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይላል፦ አባል ነው፣ አላገባም፣ በጌታ ያመነ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥርጥር የለኝም። ሦስተኛውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በሰፈሬ «ጴንጤው ሞባይል ጠጋኝ» እባላለሁ። አልጠጣም፣ አልሳደብም፣ እሑድ ሱቄ ዝግ ነው። ሰው ከዚህ በላይ አይጠይቅም። እኔም ሳልጠይቅ ኖርኩ። ለአስቴርም ምንም አልነገርኳት።

1 ሰዓት ተኩል፤ ወደ አንጋጫ

የደረሰኝ ከሾፌሩ ጎን ነው። ከድር ይባላል፤ ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ሆሳዕና ሱቅ ከፍተው የቀሩ ናቸው። ከመስታወቱ የማርያም ሥዕል ከነመቁጠሪያው ተንጠልጥሏል። ከድምፅ ማጉያው የሃዲያ መዝሙር ይፈስሳል።

«ሥዕሏ ያንተ ናት?» አልኩት።

«የባለንብረቱ ናት። መኪናው ኦርቶዶክስ ነው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ዘፈኑ ደግሞ...»

«መዝሙሩ!» አሉ በእኔና በበሩ መካከል የተቀመጡት ሴትዮ።

«አፉ በሉኝ እትዬ፤ መዝሙሩ ጴንጤ ነው። ፍሬኑ ግን የሁላችንም ነው።»

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ሴትዮዋ እትዬ ታደለች ናቸው፤ ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ዱራሜ እየተመለሱ ነው። ጭናቸው ላይ በጥቁር ከረጢት የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱስ አለ።

በሁለቱም በኩል እንሰት ነው። ሰፋፊ ቅጠሎቹ ከጉሙ ውስጥ እየወጡ ተመልሰው ይገባሉ፤ የምንጓዘው እኛ ሳንሆን እነሱ ይመስሉኛል። ጎጆዎቹ ያለ ግድግዳ በአየር ላይ የተሰቀሉ ጣሪያዎች ሆነዋል። እንቅልፍ ሲወስደኝና ሲመልሰኝ ልዩነቱን አላውቀውም ነበር።

አንድ ቁልቁለት ላይ የኋላው ጎማ በጭቃ ተንሸራተተ። ምናልባት ሦስት ሰከንድ ነው። ከድር «ቢስሚላህ!» አለ፣ እትዬ ታደለች «ኢየሱስ!» አሉ፣ ከኋላ አንድ ሰው ማርያምን ጠራ። እኔ የወንበሩን ብረት ያዝኩ። መኪናው ሲረጋ ሁሉም ማውራት ጀመረ፤ እኔ ግን እጄን ከብረቱ ላይ ማንሳት ረሳሁ።

2 ሰዓት ተኩል፤ ከአንጋጫ በኋላ

ጉሙ ሲገፈፍ ሐምበሪቾ ተራራ በድንገት ታየ፤ ከሥር ነጭ፣ ከላይ ሰማያዊ። እትዬ ታደለች ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንስተው ራሳቸው ላይ አደረጉ፤ አንገታቸውንም ትንሽ ደፉ።

«በርዶዎት ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ አልበረደኝም። አባቴ ተራራው ሲታይ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። እኔ ባርኔጣ የለኝም።»

«ያምኑበታል?»

«በተራራ?» ተቆጡ። «እኔ በጌታ ነው የማምነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ!» መስኮቱን ጠረጉ። ቆይተው ደግሞ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ፣ «ተራራው ምን አጠፋ?» አሉ።

ዱራሜ ሲወርዱ ሁለት ሙዝ ሰጡኝ። እኔም መኪና ለወጥኩ።

4 ሰዓት ተኩል፤ ሺንሺቾ

ያደግኩበት ቤተ ክርስቲያን በሩ በሰንሰለት ተዘግቷል። በስንጥቁ ውስጥ አጮለቅኩ። ከዱራሜ ወዲህ ፀሐይ ወጥታለች፤ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ዘጠኝ ነጥብ ጥሏል። ልጅ ሆኜ ሰባት ነበሩ። እናቴ ትቀመጥበት የነበረው የባሕር ዛፍ አግዳሚ ከግራ ሁለተኛው ነው። ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ግን በዚያ ብርሃን ውስጥ ነጠላዋን የምታስተካክል መሰለኝ።

ግቢውን የምትጠብቀው ሴት ከበስተኋላ መጣች። «ጸሐፊውን፣ ጋሽ ላምቤቦን ነው? ሀደሮ ናቸው። ልጃቸው ወልዳላቸው።»

«የአባላት መዝገቡስ?»

«እሳቸው መዝገቡን ትተው መቼ ሄደው ያውቃሉ! ዝናብ ሲመጣ ራሳቸው ይበሰብሳሉ እንጂ መዝገቡ አይርስም።»

6 ሰዓት ከ40፤ ሀደሮ

ቤቱን ያገኘሁት በሰው ብዛት ነው። አራሷ መጋረጃ ውስጥ ናት። እንግዳ ሁሉ የቡላ ገንፎ ይሰጠዋል፤ ቅቤው መሀሉ ላይ እንደ ትንሽ ሐይቅ ተኝቷል። ጎረቤት ሱቅ ያላቸው የጉራጌ እናት ገቡና «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉ። ቤቱ ጴንጤ ነው። ሴቶቹ ተያዩ። ከሁሉም ቀድመው፣ ከሁሉም ጮክ ብለው «አሜን!» ያሉት ጋሽ ላምቤቦ ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄን ማን ማራት ብዬ ጉባኤ ልጥራ?» አሉ።

ጉዳዬን ስነግራቸው ጓሮ ወሰዱኝ። ከላስቲክ ውስጥ ላስቲክ፣ ከዚያ ውስጥ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ውስጥ መዝገቡ ወጣ። ጣታቸውን በስሞቹ ላይ እያወረዱ ስሜን አገኙ። «ጌታን የተቀበለበት ቀን» በሚለው ዓምድ ሥር ቀን ተጽፏል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ይሄን ቀን አላስታውሰውም» አልኩ።

«እንዴት ታስታውሰዋለህ? በወባ ተኝተህ ነበር!» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ። «ሰባኪው ‹ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሳ› አለ። እናትህ ሁለቱንም እጇን አነሳች። ‹እህቴ፣ አንድ እጅ ይበቃል› ስላት ‹አንዱ የልጄ ነው› አለችኝ። እያለቀሰች ነበር፤ አንተ የምትተርፍ አልመሰላትም። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እጅ ቁጠርና ጻፍ ተባልኩ። ሁለት እጅ አየሁ፣ ሁለት ስም ጻፍኩ።»

«ከዳንኩ በኋላስ?»

«ከዳንክ በኋላ ማን ይጠይቅህ? መዝገቡ ላይ አለህ።»

ከቤት ውስጥ የሕፃኑ ልቅሶ መጣ፣ ቀጭን፣ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ።

«አሁን እጠይቅሃለሁ» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላ ሰው የለም። እጅህን ካነሳህ ቀኑን አስተካክዬ ደብዳቤውን አሁኑኑ እጽፋለሁ። ታነሳለህ?»

እጄን አየሁት። አውራ ጣቴ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ፣ ከሌሎቹ ጣቶች ላይ ቅቤው አልለቀቀም። ማንሳት ቀላል ነበር። አስቴርን አሰብኩ፣ የታዘዘውን ቀሚሷን፣ ዘመዶቿን። እናቴንም አሰብኩ፤ እጇ ስንት ጊዜ ስለ እኔ እንደተነሳ። ሐሰት ብናገር የምዋሸው እሷን መሰለኝ።

«ጋሼ፣ አላውቅም» አልኩ። «ጠዋት ሱቅ ስከፍት የማምንበት ቀን አለ። ሌላ ቀን ሰማዩ ሰማይ ብቻ ነው።»

ጋሽ ላምቤቦ የመዝገቡን ዓምዶች አንድ በአንድ በጣታቸው ነካኩ። «ለዚህ ዓምድ የለኝም» አሉ በመጨረሻ። ቅር ያላቸው በእኔ ሳይሆን በመዝገቡ ይመስል ነበር። «እንደተለመደው ልጽፍልህ እችላለሁ፤ መዝገቡ ይደግፈኛል። ያየሁትን ብቻ ልጽፍም እችላለሁ። ምረጥ።»

«ያዩትን ይጻፉ።»

ቀስ ብለው ጻፉ። ማህተሙን ሁለት ጊዜ ተነፈሱበትና መቱ። ፖስታውን አላሸጉትም።

9 ሰዓት፤ የመልስ መንገድ

ከሀደሮ በቀጥታ ሆሳዕና የሚገባ ሚኒባስ አገኘሁ። ሁሉም ተኝቷል፤ የአንዲት ዶሮ ዓይን ብቻ ከቅርጫት ውስጥ ያየኛል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፦

«ወንድማችን ያደገው በመካከላችን ነው። አላገባም። በመዝገባችን ያመነ ተብሎ የተጻፈው እናቱ ስለ እሱ ባነሳችው እጅ ነው፤ እሱ ራሱ በፊታችን አልመሰከረም። ስንጠይቀው እውነቱን እንደነገረን ግን እመሰክራለሁ።»

ዝናብ መጣ፣ ሄደ። የእንሰቱ ቅጠሎች የያዙትን ውሃ በየተራ ያፈስሱ ነበር።

12 ሰዓት፤ ሆሳዕና

መዘምራኑ ልምምድ ጨርሰው ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቅኳት። አስቴር ደብዳቤውን ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ቆማ አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ጋሽ ላምቤቦ ናቸው እንዲህ ካልሆነ አልጽፍም ያሉት?»

«እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

የክፈፉ ጠብታ በመካከላችን ይወርዳል።

«ሽማግሌዎቹ ማስታወቂያውን ያቆዩታል» አለች። «ዓመትም ሊያቆዩት ይችላሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ጨርሶ እምቢም ሊሉ ይችላሉ።»

«አውቃለሁ፣ አስቴር።»

ደብዳቤውን በሁለት አጥፋ መዝሙር ደብተሯ ውስጥ አስገባችው። «ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ይሰበሰባሉ። አብረን እንገባለን። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ። አሁን ግን በጣም ተናድጃለሁ፤ እንዳትሸኘኝ።»

ባጃጅ ያዘች። ጉሙ እንደ ጠዋቱ ወደ ከተማው እየተመለሰ ነበር። ባጃጇ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ፣ አስቴር በጎን በኩል እጇን አውጥታ ሳትዞር አነሳችው። ያን ጊዜ የእኔንም ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ማንም አንሳ አላለኝም። ባጃጇ ከጠፋች በኋላም ትንሽ አቆየሁት።