ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ዓሣ ላይ ተቀምጦ

ጎህ ሲቀድ፣ ደሴ መናኸሪያ

የደሴ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። እኔ ግን እንደ ሕፃን ያቀፍኩት ዓሣ አለኝ። የጨርቅ ነው፤ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎን የተሰፉ።

ኮምቦልቻ አክስቷ ጋ ሆና የምትማረው ልጄ ራህማ ዛሬ የሳይንስ ውድድር አላት። እንደነገረችኝ ይህ ዓሣ ባሕር ወለል ላይ ይተኛና ወለሉን አይቶ የቆዳውን ቀለም ይለውጣል፤ አሸዋ ላይ አሸዋ፣ ጠጠር ላይ ጠጠር ይመስላል። “አባዬ፣ ዓሣው ካልደረሰ ምን አሳያለሁ?” እያለች ትናንት በስልክ ስታስጨንቀኝ አመሸች።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሠራልኝ የሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊ ነው። ዋና ሥራው የመኪና ወንበር ልብስ ነው፤ ይህቺን ነገር ያዙልኝ። እንዳይጨማደድ ብዬ ዓሣውን ሚኒባሱ ውስጥ ባዶ ወንበር ላይ ዘረጋሁትና ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ላስጭን ወረድኩ። ስመለስ መኪናው ሞልቷል፤ የኋላ ወንበር ደረሰኝ።

ሐረጎ ቁልቁለት

ዓሣዬ የለም! መኪናው እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ እኔ እየተንበረከኩ ከወንበር ሥር አያለሁ። ረዳቱን ጠረጠርኩ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ እግሩን አስነሣሁ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና፣ “ጋሼ፣ እኔ እንኳን ዓሣ ውኃም አልጫንኩ” አለኝ። ከኩታበር የመጡ እማማ ዘይነባ የሚባሉ እናት ብቻ አዘኑልኝ፤ እስክንደርስ ዱዓ አደረጉልኝ።

ኮምቦልቻ

ሙቀቱ ተቀበለን። እማማ ዘይነባ ከመቀመጫቸው ሲነሡ ወንበሩ በሁለት ዓይን አፈጠጠብኝ። የወንበሩ ልብስና ዓሣው አንድ ጨርቅ! ያ ሰፊ የዚህን መኪና ትራፊ ነው የሰፋልኝ።

“አፉ በለኝ ልጄ፣ እኔማ ሲመቸኝ ነበር” አሉ እማማ። ልጅቱን ይቅርታ ሳልጠይቃት አልሄድም ብለው ትምህርት ቤት ድረስ ተከተሉኝ። ራህማ የተጨፈለቀውን ዓሣ ስታይ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ታሪኩን ስነግራት ግን ዓይኗ በራ፤ እማማንም ይዛ ገባች።

ገምጋሚው መምህር፣ “ባሕር በሌለበት አገር ይህ መመሳሰል እንደሚሠራ በምን ታረጋግጪልናለሽ?” አሏት። ራህማ ወደ እማማ ዞረች።

“ከደሴ እዚህ ድረስ ተቀምጬበት መጣሁ” አሉ እማማ ቆመው። “ወላሂ፣ አላየሁትም።”

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እኔ በኩራት እንባዬ መጣ። መምህሩም እየሳቁ ተነሥተው የልጄን እጅ ጨበጡ። ተመልሰው ሊቀመጡ ሲሉ ግን ቆም አሉና ወንበራቸውን በእጃቸው ዳሰሱ።