አራቱ ጣሳዎችና የባለቤቴ ዓይን

ባለቤቴን ሰፈሩ በሙሉ «ሚዛን» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ነን። ሥራው የመኪና የፊት መብራት መቀየር ነው፤ ሌላ ነገር አይነካም። ሞተሬ አልነሳ አለኝ ብትሉት «መካኒክ ጋ ሂዱ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ስለ አምፖል ከጠየቃችሁት ግን ወንበር ስቦ ያስቀምጣችኋል፣ ያኔ ጉዳችሁ ፈላ። በትንሹ አንድ ሰዓት ነው።

ሚዛን ያስባለው ዓይኑ ነው። የመብራት ቀለም በቁጥር ነው የሚነገረው። ሦስት ሺህ ያሉት ቢጫ ነው። አራት ሺህ ሦስት መቶ ሞቅ ያለ ነጭ፣ አምስት ሺህ እንደ ወረቀት ነጭ፣ ከስድስት ሺህ በላይ ደግሞ እየቀዘቀዘ ሄዶ ስምንት ሺህ ላይ ጭራሽ ሰማያዊ ይሆናል። ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ግን ካርቶኑን ማን ያምናል? አምስት ሺህ ብሎ ለጥፎ ውስጡ ሰባት ሺህ የሚከት ስንት ዓይን አውጣ አለ። ስለዚህ የኔ ባል ዕቃው እንደገባ ካርቶኑን ሁሉ ቀዶ ይጥላል። የሱቁን መዝጊያ ዝቅ ያደርግና አምፖሎቹን አንድ በአንድ ከባትሪ ጋር እያገናኘ ነጩ ግድግዳ ላይ ያበራቸዋል። አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ ጨርቅ ከተነጠፈባቸው አራት ጣሳዎች ወደ አንዱ ይከታል። የቢጫ ጣሳ፣ የሞቅ ያለ፣ የነጭ፣ የሰማያዊ። «ካርቶን ይዋሻል፣ ዓይን አይዋሽም» ይላል። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ሲል ኖሯል።

ወጣቶቹ መጥተው «ጋሼ፣ ስምንት ሺህ ግጠምልኝ፣ ጉልበቱ ይበልጣል» ሲሉት ደሙ ይፈላል።

«ማነው ጉልበት ነው ያለህ? ቁጥሩ የቀለም ነው! ሰማያዊ ለፎቶ ያምራል። ዝናብ ሲመጣ ግን ብርሃኑ ውሃው ላይ ይበተንና መንገዱን ይነሳሃል፤ ፊት ለፊት የሚመጣውንም ሰው ዓይኑን ትወጋዋለህ።»

ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቃል። የት ነው የምትነዳው? በስንት ሰዓት? ከኋላህ ማን ይቀመጣል? በሦስተኛው ጥያቄ ሁሉም ይስቃሉ። እሱ አይስቅም። «እናቴ» ወይም «ልጆቼ» ያለውን ሰው ከዚያ በኋላ አይከራከረውም፤ እጁን ወደ ሞቅ ያለው ጣሳ ይሰዳል፣ አለቀ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ሳቁ እስቲ! መንገድ ላይ የሚያውቁኝ ሁሉ ስቀዋል። አንዲት አሮጌ ትንሽ መኪና ገዛንና ሚዛን የፊት መብራቷን እኔ እቀይራለሁ ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ አላስነካ አለኝ። በመጨረሻ ዓይኔን በእጁ ሸፍኖ ሱቁ ውስጥ አስገባኝ፣ መዝጊያውን ዝቅ አደረገና አበራው።

«ከነጭ ጣሳው ውስጥ ነጩን ነው የመረጥኩልሽ። ስንት አምፖል እንዳበራሁ አትጠይቂኝ» አለ።

ግድግዳው ሰማያዊ ነበር። ወይ ጉዴ፣ የዓሣ ማሳያ ገንዳ ነው የሚመስለው! የሚቀልድ መስሎኝ ዞር ብዬ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። እጆቹን አጣምሮ፣ ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ መስሎ አፌን ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ሰፈር የሚያውቀው ምላስ ያለኝ ሴት ነኝ፤ ዳቦ ሻጩ ጉድለቱን ከእኔ ነው የሚሰማው፣ አማቴ እንኳ ትፈራኛለች። ያን ቀን ግን ምላሴ ታሰረ።

«በጣም ነጭ ነው» አልኩት።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ዓይኑ እንደታመመ ወዲያው ነው የገባኝ። ግን ዓይኑን ከነካሁበት ምን ይቀረዋል? ሰው ከስንት ሰፈር ድረስ የሚመጣው ለዚያ ዓይን ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲጥል ላለመንዳት፣ ሲመሽም ላለመውጣት ሰበብ መፍጠር ሥራዬ ሆነ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር መጣ፤ ከሚዛን ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። ሚዛን ዕቃ ሊያመጣ ወጥቶ ስለነበር ያገኘው እኔን ነው።

«እህት ዓለም፣ ወንድሜ ምን ሆኗል? ሞቅ ያለውን አድርግልኝ ብዬው የሰጠኝ መብራት ጭጋግ ውስጥ ነጭ አጥር ሆነብኝ። ቁልቁለቱን እጄን በአፌ ላይ ጭኜ ነው የወረድኩት።»

«ለእሱ እንዳትነግረው» አልኩትና ሚዛን ሲሠራ እያየሁ በለመድኩት አምፖሎቹን ራሴ ቀየርኩለት። አያችሁ እንግዲህ፣ ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። እኔ ግን የራሴን ብልሃት አመጣሁ። ሚዛን በየጠዋቱ ልጃችንን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሲሄድ «ሱቁን ልጥረግ» እያልኩ ቀድሜው እገባለሁ። የልጄን ደብተር ባዶ ገጽ ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር እያስተያየሁ አምፖሎቹን እንደገና እለያለሁ። የሰማያዊውን ወደ ሰማያዊ፣ የነጩን ወደ ነጭ። እሱ ሲመጣ መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ።

ደንበኛ ለአቤቱታ መመለሱን ተወ። ሌላ ጣጣ መጣ እንጂ። ሚዛን ከነጭ ጣሳው አንዱን አንስቶ ሲያበራ ለእሱ ዓይን ቢጫ ይሆንበታል። «ይሄን ማን እዚህ ከተተው?» ይላል። እኔ «እጅህ ስቶ ነዋ» እለዋለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር ጊዜ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጣቶቹን ዘርግቶ ሲያያቸው አገኘሁት።

«እጄ ሊከዳኝ ነው መሰለኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ዓይኑን ላድን ብዬ ደህናውን እጁን አስጠረጠርኩት። የዚያኑ ቀን ማታ «ለምን ዓይንህን አትታይም?» ብዬ ገፋ ባደርግ «ዓይኔ ምን ሆነ? ይልቅ ለእጄ ሐኪም ፈልጊልኝ» ብሎ ተቆጣ። እኔም ፈሪ፣ ዝም አልኩ።

እስከሚቀጥለው ክረምት፣ እስከዚያ ምሽት ድረስ። አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ልጃችንን ከጓደኛዋ ቤት አምጥተን ስንመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። እኔ እነዳለሁ፣ ሚዛን ከጎኔ ነው፣ ልጄ ከኋላ። በኤሊ ጉዞ ነው የምሄደው፤ አስፋልቱ ብርሃኑን ውጦት ጥቁር ሆኗል። ድንገት ጋሪ የሚገፋ ሰው ፊቴ ቆመ። ፍሬኑን ረገጥኩ። ከጋሪው ስንዝር ሲቀረኝ ቆምኩ።

ሰውዬው ደንግጦ መጣና መስኮቱን መታ። «እመቤት፣ ሰው አይታይሽም? ይሄን ሰማያዊ መብራት የገጠመልሽ ሰው ዓይኑን ይታከም!»

ሚዛን መስኮቱን ወረድ አደረገ። «ሰማያዊ? አንተ ታከም! ነጭና ሰማያዊ የማትለይ!»

ከኋላ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ ሰማያዊ ነው እኮ።»

ሚዛን ወደ እኔ ዞረ። «ነጭ ነው በይው እንጂ» አለኝ።

አልቻልኩም። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሰውዬው እኔን ሲያይ ቁጣው ወረደለት፤ «በሉ ተረፍን፣ ደግሞ አታልቅሺ» ብሎ ጋሪውን ገፍቶ ሄደ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ሚዛን ልጃችንን ሱቅ ወስዶ ወንበር ላይ አስቀመጣት። አምፖል ያበራል፣ እሱ ያየውን በጠመኔ ወለሉ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ «ምን ዓይነት ነው?» ይላታል። ከሃያው አሥራ ሦስቱ ላይ አልተስማሙም። ጠመኔውን አስቀምጦ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ታውቂ ነበር» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ሰውን ሁሉ ከኋላህ ማን ይቀመጣል እያልኩ... ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ ነበረች።» ከዚያ ወደ ጣሳዎቹ ዞረ። «ስንት ሰው ላይ ነው የገጠምኩት?»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ ይገባኛል። በሦስተኛው ቀን ሱቁን ዘግቶ ስልኩን ያዘና ለየደንበኛው «ጥፋቱ የዓይኔ ነው፣ መብራትህን ባለቤቴ በነጻ ትቀይርልሃለች» እያለ መደወል ጀመረ። የከባድ መኪና ሾፌሩ ተራ ሲደርስ በስልኩ ውስጥ ሲጮህ እኔም ሰማሁት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ወንድሜ! አሁን በእግርህ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ ወይስ ከዕቃ ጋር ጭኜ ልውሰድህ?»

በእግሩ ሄደ። ዶክተሯ ልጃችንን የምታክል ነው የምትመስለው፤ ከሁሉም በላይ ሚዛንን ያስደነገጠው ይሄ ነው። የዓይን ሞራ ነው አለች፤ ቀስ በቀስ ቢጫ ሆኖ ዓይኑን ሸፍኖታል። ቀኙን ቀድመን፣ ግራውን ከወር በኋላ እንሠራለን አለችው።

«ዶክተር፣ ነጭን እለያለሁ?» ብቻ ነው የጠየቃት።

«ይለያሉ አባት።»

ቀኝ ዓይኑ በተሠራ ማግስት ፋሻው ሲነሳ በር ላይ እየጠበቅኩት ነበር። ወጣና ትኩር ብሎ አየኝ።

«ፀጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?»

«ዶክተር! አብዝተሽዋል፣ ትንሽ ቀንሽለት!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ሁሉ ሳቀ።

ቤት ልንሄድ ስንል ግን «ሱቅ ውሰጂኝ» አለ። «ያንቺን መብራት ግን ዓይኔ ሳይሠራ እንዳትነኪ» ብሎኝ ስለነበር ከዚያ ምሽት ወዲህ የምነዳው በቀን ብቻ ነበር። መኪናዋን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስገባሁ። መዝጊያውን ዝቅ አደረገና «አብሪው» አለኝ።

አበራሁት። ሚዛን አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሰማያዊውን ግድግዳ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄን ነው ሁለት ክረምት የነዳሽው?»

«እ።»

«አበስኩ ገበርኩ!» አለና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ቀጥሎ መዳፉን ወደ ቀኝ ዓይኑ ብቻ አሸሸና በግራው፣ ገና ባልተሠራው አየ። መልሶ በቀኙ። እንደገና በግራው።

«ነይ እስቲ» አለኝ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። መዳፉን ከቀኝ ዓይኑ አላነሳም። «በዚህኛው ዓይኔ አሁንም ነጭ ነው። እውነቴን ነው፣ ጥርት ያለ ነጭ። እኔ ነጩን ነበር የሰጠሁሽ።»

«አውቃለሁ እኮ» አልኩት። «ባላውቅማ ኖሮ በዚህ ምላሴ ዝም የምልህ ይመስልሃል?»

ያንኑ ቀን ሁለቱን አምፖሎች ነቅሎ ከሞቅ ያለው ጣሳ ቀየረልኝ። አሮጌዎቹን ሊጥል ሲል ከእጁ ነጠቅኩት። አሁን ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት በየቀኑ አንዱን ከባትሪው ጋር አገናኝቶ ያበራና ቀኝ ዓይኑን ይሸፍናል። ትናንት «ለምን ትደክማለህ?» ብለው «በሚቀጥለው ወር ግራውም ይሠራል። ከዚያ በኋላ ያንቺን ነጭ የሚያየው ሰው አይኖርም» አለኝ።

ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ አምፖሉ እስኪሞቅ ድረስ አብረን አየነው።