ልጃችን አይደለችም

በዚያ ሰሞን ልጅ ተሰረቀ የሚል ወሬ በየታክሲው ነበር። አንዱ ከሰፈሬ ሰማሁ ብሎ ይጀምረዋል፣ ሌላው የእህቱን ጎረቤት ይጨምርበታል፣ ረዳቱ ሂሳብ እየተቀበለ አስተያየት ይሰጥበታል፤ መርካቶ እስክንደርስ ወሬው እውነት ሆኖ ይወርዳል። እኔ ምንጩን የማላውቀውን ነገር ማመን አይሆንልኝም። ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ አራሚ ነኝ። ትምህርቴን በማታ የጨረስኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ስለሆነ ዘግይቶ የተማረ ሰው ግትርነት አለብኝ፤ ያልተረጋገጠ ነገር አይዋጥልኝም። ስለዚህ ወሬውን በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ አሳለፍኩት። ሌላው ሰው ሁሉ አምኖት እንደሚወርድ ግን አላሰብኩም።

ሰርጋችን ለእሁድ ነበር። እጮኛዬና እኔ፣ ገና ከመተጫጨታችን በፊት፣ በቤተ ክርስቲያናችን በኩል አንዲት ልጅ መርዳት ጀምረን ነበር። የትምህርት ቤቷን፣ ደብተሯን፣ ጫማዋን እንችላለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማኑኤል ወርደን ቤታቸው እንጠይቃታለን። አባት የላትም። እናቷ በርበሬ ተራ ዛላ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ፊቷን በሻሽ ጠቅልላ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ጆንያ ከብባ ትቀመጥና እስኪመሽ እጇ አያርፍም። ብዙ አታወራም። ስንመጣ ከመቀመጫዋ ተነስታ ቦታ ትለቅልናለች፣ ስንሄድ እስከ በር ትሸኘናለች። ልጅቷን እሁድ አበባ ይዛ ከፊታችን እንድትሄድ ፍቀጂልን ስንላት ፈገግ ብላ መሬት መሬት አየች። እሺታ ነው ብለን ያዝነው።

ሐሙስ ጠዋት ልጅቷን ከእናቷ ሥራ ቦታ ወሰድናት። ሸማ ተራ ወስደን ልብስ ልናስለካላት ነው አልን። ያልነው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ቃሉን አስታውሰዋለሁ።

የገባንበት ሱቅ ባለቤት ሀጂ ናቸው። ጋቢውና ነጠላው እስከ ጣሪያ ተደርድሮ፣ በሩ ላይ ደግሞ ልብስ ሰፊው መኪናውን ዘርግቶ ተቀምጧል። ለልጅቷ አረንጓዴ ጥለት ያለው ትንሽ የሀበሻ ቀሚስ ተገኘ፤ ረዘም ይል ነበርና ሰፊው እዚያው አሳጠረልን። ሀጂ እጮኛዬን፣ የፈረንጅ ሱፍ ለብሰህ ከዚህች ጎን ብትቆም የሙሽራዋ ሾፌር ትመስላለህ፣ አንተም ቢያንስ ካባ ግዛ እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም እየሳቀ ይከራከራቸዋል። ጋራዥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሱፉን እንኳ የተዋሰው ነበር።

ከዚያ እጮኛዬ፣ ለብሳው ትሂድ አለ። እናቷ ስታያት ደስ ይበላት አለ። እኔ ነጭ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ይቆሽሻል አልኩ፤ የተቃወምኩት በዚህ ብቻ ነው። እሸከማታለሁ አለ። አሮጌ ቀሚሷን በፌስታል ያዝኩት። ልጅቷ ፌስታሉን ታያለች። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር።

ከሱቁ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አንድ ተሸካሚ ግዙፍ የጨርቅ እስር በጭንቅላቱ ጭኖ፣ ዞር በሉ ዞር በሉ እያለ በጎናችን አለፈ። እጮኛዬ ልጅቷን ጠበቅ አድርጎ አቀፋትና እርምጃውን ፈጠን አደረገ። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ቀስ ብሎ የሚጀምር ለቅሶ አልነበረም። እማዬ ጋ፣ እማዬ ጋ እያለች ደረቱን በጡጫ ትመታዋለች። እሱ ሊያባብላት አፏ አጠገብ ጎንበስ ሲል፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው አፏን የሚያፍን ይመስል ነበር። ይህን አሁን ነው የማስበው።

ጥግ ላይ ሎሚና ዝንጅብል የምትሸጥ ሴትዮ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«አንተ! ይህችን ልጅ አውቃታለሁ። የት ነው የምትወስዳት?»

መርካቶ ውስጥ ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ አይፈጅበትም። ዞር ስል ከኋላችን ሰው ነበር፣ ዞር ስል ከጎናችንም። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ የእጮኛዬን እጅጌ ያዘና፣ ልጅቷ የማን ናት ብሎ ጠየቀ። በጨዋ ድምፅ ነበር የጠየቀው።

«ልጃችን ናት» አለ እጮኛዬ።

«ልጃችን አይደለችም» አልኩ እኔ።

እኩል ነው የተናገርነው። እሱ ነገሩን ለማሳጠር ነው፤ እኔ ደግሞ ስለተጠየቅኩ ነው። እናት ያላትን ልጅ ልጄ ናት ማለት ከአፌ አይወጣም፤ ስንረዳት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለራሴ ያልኩት ነገር ነበር። እስከ ዛሬ በዚህ አልተስማማንም። እሱ ዝም ብትይ ኖሮ ይላል፤ እኔ አንተ እውነቱን ብትናገር ኖሮ እላለሁ። ሰዎቹ ግን ሁለታችንንም ሰምተዋል። ሰውዬው ቀስ ብሎ የእጮኛዬን ፊት አየ፣ ቀጥሎ የእኔን፣ ቀጥሎ በፌስታሉ ውስጥ ያለውን አሮጌ ቀሚስ።

«ልብሷን ቀይረውላታል» አለ፤ ለእኛ አይደለም፣ ለሰዉ።

ባልና ሚስት ናችሁ ወይ አለ ሌላው። እጮኛዬ አዎ አለ። እኔ፣ የፊታችን እሁድ ነው የምንጋባው አልኩ። ከኋላ አንዱ፣ ሳይጋቡ ልጅ አድርሰዋል፣ ፈጣኖች ናቸው አለ፤ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ከጩኸቱ ይበልጥ አስፈራኝ። ከቤተ ክርስቲያን ነን፣ ልጅቷን የምንረዳ ነን ብዬ ላስረዳ ስጀምር፣ ሌባ ሁሉ ሲያዝ የእግዜር ሰው ነው አለች አንዲት ሴት። እጮኛዬን ሲገፉት ልጅቷን ከፍ አድርጎ ያዛት፤ የሸሚዙ እጅጌ ከትከሻው ሲቀደድ ሰማሁት። ስለ መመታት የማውቀው ከወሬ ነው፤ ግን የሰው ትንፋሽ አንገቴ ላይ ሲመጣ፣ እዚህ ጭቃ ላይ ልንሞት እንችላለን የሚለውን ነገር ልክ እንደተጻፈ ዓረፍተ ነገር በግልጽ አነበብኩት።

ሀጂ መጡ። አልሮጡም፤ ሰውን በክንዳቸው እየከፈሉ መጡና ከእጮኛዬ ፊት ቆሙ።

«ከእኔ ሱቅ ገዝተው የወጡ ሰዎች ናቸው። እናቷ ትጠራና ትናገር። እስከዚያ የእኔ እንግዶች ናቸው።»

ማንም እሺ አላላቸውም፤ ማንም እንቢም አላለም። ሎሚ ሻጯ እናቷን ታውቃት ነበርና ልትጠራት ወደ በርበሬ ተራ ሮጠች። ሀጂ እኛን ሱቁ ውስጥ አስገብተው የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ ሳቡት። ከውጭ የሚታየን እግር ብቻ ሆነ። ብዙ እግር። ሸራ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ጭቃ የነካው ቦት። የእናቷን ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም። ሥራ ላይ ስልኳን በፌስታል ቋጥራ እንደምታስቀምጥ አውቃለሁ፤ እያወቅኩ እደውላለሁ። እናቷ በርበሬ ተራ ባትገኝስ? ሎሚ ሻጯ መንገድ ላይ ለሌላ ሰው ሌላ ነገር ብትናገርስ? አንዱ መዝጊያውን በእግሩ መታው፤ ሱቁ በሙሉ ጮኸ።

ሀጂ ጋቢ ላይ ተቀምጠው ትንሽ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ትንሽ መዋሸት አትችይም?»

አልችልም ሀጂ አልኳቸው።

«እንግዲያው ዝም ማለት ተማሪ» አሉኝ፤ ከዚያ ውሃ ሰጡኝ።

ልጅቷ ለቅሶዋን አቁማ ነበር። ነጠላ ክምር ላይ ተቀምጣ ጥለቱን በጥፍሯ ትቧጥጣለች። አጠገቧ ተንበርክኬ ለምን እንዳለቀሰች ጠየቅኳት። እየቆራረጠች ነገረችኝ፤ ጎረቤታቸው አንዲት ልጅ ነበረች፤ አንድ ቀን ሰዎች መጥተው አዲስ ልብስ አለበሷት፤ ከዚያ ሌላ ሰው ቤት ልታድግ ወሰዷት፤ አልተመለሰችም።

«እኔንም ልትወስዱኝ ነው?»

ውጭ ያለው ሰው ሁሉ የጠየቀው ጥያቄ ነበር። አይደለም አልኳት፣ ወደ እማዬ ነው የምንሄደው አልኳት። አላመነችኝም። አሮጌ ቀሚሴን አለች። አለበስኳት። እጮኛዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሞ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል።

እናቷ ስትመጣ መዝጊያው ተከፈተ። ሻሿ እንደተጠቀለለ፣ ዓይኗ ከበርበሬው ቀልቶ፣ እያለከለከች ቆመች። ልጅቷ ሮጣ ወገቧ ላይ ተጣበቀች። እናቷ ግን አላቀፈቻትም። ሁለት እጇን ከልጅቷ አርቃ ወደ ላይ አንስታ ያዘችው። ልጅቷ ፊቷን ሆዷ ላይ ቀብራ ታለቅሳለች፤ እናት እጇን እንደሰቀለች ቆማለች። ከዚያ አንዱ፣ እናቷ ብትሆን አታቅፋትም ወይ አለ፤ ማጉረምረሙ እንደገና ተነሳ። ጋቢው ላይ ተደገፍኩ።

«እጄ በርበሬ ነው» አለች እናቷ። «ዓይኗን ላጥፋው?»

ሀጂ በጆግ ውሃ አመጡላት፣ ሳሙናም ጨመሩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጇን ታጠበች፤ አንዴ አይደለም፣ እየደጋገመች፣ ጥፍሯ ሥር ሳይቀር። ሰውም ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ ልጅቷን አነሳቻት። ያ ጎልማሳ ሰውዬ፣ እነዚህን ታውቂያቸዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። መጀመሪያ እኛን አየች፣ ቀጥላ በፌስታሉ አፍ የሚታየውን ነጭ ቀሚስ።

«አውቃቸዋለሁ። ልጄን ያስተምሩልኛል። ይረዱኛል እንጂ አልሰጠኋቸውም።»

ሰው ተበተነ። እጅጌውን የያዘው ሰውዬ እጮኛዬን ይቅርታ ወንድም ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ሎሚ ሻጯም አልተቀየመችም፣ እኛም አልተቀየምናትም። እኔ ግን የመጨረሻዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ያዳነችን ያቺው ቃል ነበረች፤ ለሰዉ የተነገረች ብቻ እንዳልነበረችም አውቄያለሁ።

እስከ በርበሬ ተራ አብረን ሄድን። ልጅቷን እኛ ለመያዝ እጃችንን አልዘረጋንም። ደጃፉ ላይ ስንደርስ እናቷ ዞር አለችና፣ ልብስ ስትቀይሩላት ለምን አልጠራችሁኝም አለች። ተቆጥታ አልነበረም። ቀስ ብላ፣ እኔም ልጄ እንዳየችው ነው ያየሁት፤ ፌስታል ውስጥ አዲሱን ቀሚስ ሳይ ያቺ የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለችኝ አለች። እሁድስ ይዘሻት ትመጫለሽ ወይ አልኳት። አያለሁ አለች።

አርብና ቅዳሜ እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። እጮኛዬ የወንድሙን ልጅ አበባ እናስይዛት አለ፤ ሰው ሙሉ አዳራሽ እየጠበቀ ከመዋረድ ይሻላል አለ። እንቢ አልኩት። ፈርቼ ነው እንቢ ያልኩት። ሌላ ልጅ ካቆምን ያቺኛዋ ለዘላለም የምትቀር መሰለኝ። ቅዳሜ ቀሚሱን አጥፌ ከእናቷ ጎረቤት ዘንድ ተውኩት፤ ልታለብሳት ብትፈልግ እሷው ታልብሳት ብዬ። መልእክት አልጨመርኩም።

እሁድ ዕለት መዘምራኑ ጀምረው ነበር። በሩ ላይ ቆመን አስተናጋጆቹ ግቡ ግቡ ይሉናል፤ እኔ ደግሞ ትንሽ ጠብቁ እላለሁ። የመጣች ሴት ሁሉ እሷ አይደለችም። እጮኛዬ ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ልንገባ አንድ እግሬን ስዘረጋ በግቢው በር ገቡ፤ እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ልጅቷ ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። የእናቷ እጅ እስከ ክርኗ በሳሙና ተፈትጎ ቀልቷል።

ልጅቷ አበባውን ተቀብላ ከፊታችን ሄደች። ጥቂት ትራመድና ዞር ብላ ወደ ኋላ ታያለች። እናቷ በመጨረሻው ወንበር አጠገብ ነበረች፤ ልጅቷ ዞር ባለች ቁጥር እንድትታያት ትቆማለች። አጠገቧ የተቀመጡት ተቀመጪ፣ ከለልሽን ይሏታል። አልተቀመጠችም። ሰልፉ በየመሃሉ ይቆማል፣ መዘምራኑ ያንኑ መዝሙር ይደግማሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። አንዱ አስተናጋጅ ልጅቷን በትከሻዋ ወደ ፊት ሊገፋት እጁን ሲሰነዝር፣ ተዋት አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፣ ሰው ዞሮ አየኝ። አይታ እስክትጨርስ ከኋላዋ ቆመን ጠበቅናት።